የጋራ ቤትን በፍርድ ቤት ሐራጅ መሸጥ፦ ከወረቀት ዝግጅት እስከ ገንዘብ ክፍፍል

«ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ይካፈሉ» የሚል ፍርድ በእጃቸው ይዘው ለዓመታት የሚመላለሱ ወራሾችና የተፋቱ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀኑ ይደርሳል፣ ተጫራች አይመጣም። እንደገና ይወጣል፤ አሁን ተጫራች ይመጣና ካርታው ላይ ማንም ያላወቀው እገዳ ይገኛል። ወይም ቤቱ ተሽጦ ካበቃ በኋላ ውጭ አገር የምትኖር እህት «ሳልጠራ ነው የተሸጠው» ብላ አቤቱታ ታስገባለች።

ጥፋቱ በሐራጁ ቀን የሚፈጠር ይመስላል እንጂ አብዛኛው ከማስታወቂያው በፊት ባሉት ሳምንታት የተዘለለ ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህም ብዙ የምንቆየው ዝግጅቱ ላይ ነው። መመሪያው በአዲስ አበባ ያለን የመኖሪያ ቤት ታሳቢ ያደረገ ነው። በክልል ከተሞች ቅደም ተከተሉ ያው ሆኖ የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ይለያያል። የገጠር መሬት በዚህ መንገድ አይሄድም።

ደረጃ 1፦ ሐራጅ የግድ መሆኑን አረጋግጡ

ሐራጅ የሚያስፈልገው መስማማት ሲጠፋ ነው። ሁላችሁም በዋጋና በክፍፍል ከተስማማችሁ ቤቱን በራሳችሁ ገዥ ፈልጋችሁ በውልና ማስረጃ ብትሸጡት ይሻላል፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል።

ካልተስማማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፦

1. ቤቱ በዓይነት መከፈል ይችል እንደሆነ አጣሩ። ሁለት መግቢያ ያለው ሰፊ ግቢ ሊከፈል ይችላል፤ ባለ 100 ካሬ ቤት ግን ወረቀቱም አይፈቅድለትም።
2. አንዳችሁ የሌሎቹን ድርሻ በግምቱ ከፍላችሁ ቤቱን ማስቀረት ትችሉ እንደሆነ ተነጋገሩ። ፍርድ ቤቱም ይህን መጠየቁ አይቀርም። «አዎ» የምትሉ ከሆነ ገንዘቡን ከየትና መቼ እንደምታመጡ ተዘጋጅታችሁ ቅረቡ፤ በባዶ እጅ «እኔ እገዛዋለሁ» ማለት ወራትን ይበላል።
3. ሁለቱም ካልሆነ ሐራጅ ይቀራል። የውርስ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ የፍቺ ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ፍርድ ቤቱ ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል።

በመሃል ብትታረቁ የፍርዱ አፈጻጸም ቢጀመርም አልረፈደም። ስምምነታችሁን ጽፋችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ ለመዝገቡ አቅርቡ። በቃል ብቻ ታርቃችሁ መዝገቡን አትተዉት፤ ማስታወቂያው በራሱ ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የቤቱን ወረቀት አጽዱ

ብዙ ሐራጅ የሚሞተው እዚህ ነው። ገዥ የሚመጣው ገንዘብ ይዞ ነው፤ ወረቀቱ ከተወዛገበ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል።

ክፍለ ከተማው የይዞታ አስተዳደር ሄዳችሁ እነዚህን አውጡ፦

- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ (ዋናው ከጠፋ የምትክ ሂደቱን አሁኑኑ ጀምሩ፤ ከሐራጁ በኋላ አይጀመርም)
- የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ
- የቦታ ኪራይና የጣራና ግድግዳ ግብር ደረሰኞች፣ በተለይ የመጨረሻውን ዓመት
- የሊዝ ይዞታ ከሆነ የሊዝ ውሉንና የተከፈለውን መጠን

ቀጥሎ ካርታውን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩት። ካሬ ሜትሩ ይገጥማል? አጥሩ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ ገፍቷል? ከካርታው በላይ የተያዘ ቦታ ካለ የተሸጠ አይሆንም፤ በማስታወቂያው ከገባ ግን ክርክር ይወልዳል። ከጓሮ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ካለ ደብቃችሁ አትለፉት። ግምት የሚሠራው ባለሙያ ሊቆጥረው ወይም ሊተወው ይችላል፤ ማስታወቂያው ላይ እንዴት እንደሚገለጽ አስቀድማችሁ ለፍርድ ቤቱ አሳውቁ።

የሚከተሉት ከተገኙ ሐራጁን አታስቸኩሉ፦

የባንክ መያዣ። ከባንኩ የዕዳ ቀሪ ደብዳቤ ውሰዱና ከመዝገቡ ጋር አያይዙ። ባንኩ ከሽያጩ ገንዘብ ቀድሞ ይከፈለዋል። ዕዳው ከቤቱ ግምት ጋር የተቀራረበ ከሆነ የምትካፈሉት ነገር ላይኖር ስለሚችል ስሌቱን ዛሬ ሥሩ።

የሌላ ፍርድ ቤት እገዳ። እገዳው በየትኛው መዝገብ እንደተሰጠ ቁጥሩን ያዙ፤ እንዲነሳ መጠየቅ ያለበት በዚያው መዝገብ ነው። የይዞታ አስተዳደሩን ብትለምኑት ትዕዛዝ ሳያይ አያነሳም።

ኮንዶሚኒየም። በዕጣ የደረሰ ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ይከለከላል። ጊዜው ካልሞላ ወይም የባንኩ ብድር ካላለቀ ያንን በመዝገቡ ላይ ግልጽ አድርጉ።

የቀበሌ ቤት። ወላጆቻችሁ 40 ዓመት ቢኖሩበትም የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለሐራጅ አይቀርብም። ቀበሌ ቤትን ከውርስ ዝርዝር ጋር ቀላቅለው ክስ የሚያቀርቡ አሉ፤ ጊዜያቸውን ነው የሚያጠፉት።

የመልሶ ማልማት ቦታ። ቤቱ ለልማት ይፈለጋል ከተባለ ወሬውን ትታችሁ ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ጠይቁ። ተጫራቹም ይህንኑ ጠይቆ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹን አሟሉ

በቤቱ ላይ መብት ያለው ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የተዘለለ አንድ ሰው ያለቀ የመሰለን ሐራጅ ሊያናጋ ይችላል።

የሟች ሚስት ወይም ባል። በሕጋችን የቀረው ባለትዳር የጋራ ንብረቱን ግማሽ የሚወስደው እንደ ወራሽ ሳይሆን በራሱ ድርሻ ነው። ልጆች የሚካፈሉት የሟችን ግማሽ ነው። ይህን ሳይለዩ «ለአምስት እንካፈል» ብሎ መጀመር የተለመደ ስህተት ነው።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ። በወራሽነት ማስረጃው ላይ ከሌለና መኖሩን ካወቃችሁ አሁን ይግባ። ኋላ ማስረጃው ይሰረዝልኝ ብሎ ሲመጣ ሐራጁን ያሳግዳል።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ። የሞግዚትነት ማስረጃ ያለው ሰው በስሙ ይቅረብ። የእናት ወይም የአጎት ቃል አይበቃም።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ። ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲከታተልልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አያገለግልም። በውክልናው ውስጥ እነዚህ ሥልጣኖች ተለይተው ይጻፉ፦ በአፈጻጸም መዝገብ መከራከር፣ በግምት ላይ አስተያየት መስጠት፣ መታረቅ፣ በሐራጅ መሸጥ፣ የሽያጭ ገንዘብ መቀበል። ገንዘብ መቀበልን ለወኪሉ መስጠት ካልፈለጋችሁ ያንን መስመር አውጡትና ገንዘቡ በስማችሁ ወዳለ ሒሳብ እንዲገባ ጠይቁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የታመነ ዘመድም ቢሆን ገንዘብ ሲበዛ ጥያቄ ይነሳል።

ውክልናው በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ ወይም በሌላ ቦታ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በውልና ማስረጃ ያልፋል።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ተመልከቱ፦ ስም። በወራሽነት ማስረጃው ላይ እስከ አያት የተጻፈው ስም የውጭ ፓስፖርት ላይ ተገልብጦ ወይም አያት ተዘሎ ይገኛል። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውንም ያያይዝ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ገንዘብ በሚከፈልበት ቀን ሳይሆን አሁን ይዘጋጅ።

ደረጃ 4፦ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ

ፍርዱ በራሱ ቤት አይሸጥም። ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም አቤቱታ ማቅረብ አለባችሁ። ለዚህ 10 ዓመት የይርጋ ገደብ አለ፤ «ፍርዱ የትም አይሄድም» ብላችሁ አታሳድሩት።

1. የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ በማኅተም አውጡ።
2. በአቤቱታው ላይ ቤቱን በክፍለ ከተማ፣ በወረዳ፣ በቤት ቁጥርና በካርታ ቁጥር ግለጹ። በፍርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከካርታው ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ ፍርዱ እንዲታረም ጠይቁ። የአንድ አኃዝ ስህተት እስከ ስም ዝውውር ድረስ ይከተላችኋል።
3. ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ለይዞታ አስተዳደሩ የእግድ ትዕዛዝ እንዲጻፍ ጠይቁ። ትዕዛዙ መድረሱን በራሳችሁ አረጋግጡ፤ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ መክረም ይችልበታል።
4. ኪራይ የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ኪራዩ እስከ ሽያጩ ድረስ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ አመልክቱ። ቤቱን የያዘው ወራሽ አፈጻጸሙን የሚያጓትትበት ዋና ምክንያት ኪራዩ ነው፤ ኪራዩ ሲቆም ትዕግሥቱም ያልቃል።

ቤቱ ሲከበር (ለፍርድ ማስፈጸሚያ ሲያዝ) ወይም ለሐራጅ ሲዘጋጅ «የእኔ ነው» የሚል ሦስተኛ ወገን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መቃወሚያ ሊያቀርብ ይችላል። ከመጣ አትደናገጡ። የመግዣ ውል፣ ካርታና ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዛችሁ መልስ ስጡ። ማስረጃ የሌለው መቃወሚያ ጊዜ ያስወስዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሩቅ አይሄድም።

ደረጃ 5፦ ግምትና መነሻ ዋጋ

እዚህ ላይ ስሜት ይግላል። ሁሉም ወራሽ ሰፈር የተሸጠውን ቤት ዋጋ ሰምቷል። ደላላ የሚነግራችሁ ግን የአፍ ዋጋ ነው፤ ከፍሎ የሚወስድ ሰው አላቀረበም።

ፍርድ ቤቱ ለሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ጽፎ ቤቱን ያስገምታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ ስለሆነ ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በግንባታው ላይ ነው፦ ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ዕድሜው። ቦሌ ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት በወረቀት ርካሽ ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። የቦታው ዋጋ የሚገለጠው ተጫራቾች እርስ በርስ ሲፎካከሩ ነው።

ስለዚህ መነሻ ዋጋ መሸጫ ዋጋ አይደለም። ይህን ያልተቀበለ ወራሽ ግምቱን ለማስጨመር ስምንት ወር ይከራከርና የተጨመረው መነሻ ተጫራች ያባርርበታል።

ግምቱ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ፦

1. ግልባጩን ወስዳችሁ ከቤቱ ጋር አመሳክሩ። የተዘለለ ክፍል፣ የተሳሳተ ስፋት፣ ያልተቆጠረ አጥር ወይም ሴፕቲክ ታንክ ካለ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወሙ።
2. ግምቱ ከተሠራ ረጅም ጊዜ ካለፈ እንዲታደስ ጠይቁ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንደተወው አይቆይም።
3. «አነሰ» ብቻ ብላችሁ አትቃወሙ። ምን እንደተዘለለ ካላሳያችሁ አቤቱታው ቀን ከመግፋት በቀር ለውጥ አያመጣም።
4. ዝቅ ያለ መነሻ የሚያስፈራው ተጫራች አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ይህን የሚፈታው ደረጃ 7 ነው።

ከራሳችሁ መካከል በሐራጁ መወዳደር የሚፈልግ ካለ አሁን ለፍርድ ቤቱ ያሳውቅ፤ የራሱ ድርሻ ከዋጋው ላይ እንዲታሰብለትም አስቀድሞ ትዕዛዝ ይጠይቅ። በሐራጁ ቀን ተነስቶ «ሩቡ የእኔ ስለሆነ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አላስይዝም» ቢል ሐራጅ ባዩ አይሰማውም።

ደረጃ 6፦ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ

ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘመን፣ ይወጣል፤ በፍርድ ቤቱ ሰሌዳና በቤቱም ላይ ይለጠፋል። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለማየት ጠይቁ። ይዘቱ በግምት ይህን ይመስላል፦

«በአፈጻጸም ከሳሽ … እና በአፈጻጸም ተከሳሽ … መካከል ባለው የአፈጻጸም ክርክር፣ በ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … የቤት ቁጥር … የሆነው፣ በካርታ ቁጥር … የተመዘገበና በ… ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ የሚገኘው መኖሪያ ቤት በመነሻ ዋጋ ብር … በ… ቀን ከጠዋቱ … እስከ … ሰዓት በሐራጅ ይሸጣል። ተጫራቾች የመነሻ ዋጋውን 1/4ኛ በባንክ በተረጋገጠ ሲፒኦ ይዘው እንዲቀርቡ …»

ከዚህ ውስጥ አራት ነገሮችን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አመሳክሩ፦ የካርታ ቁጥር፣ ካሬ ሜትር፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ቀኑ በዓል ላይ እንዳይውል ተመልከቱ፤ የፋሲካ ሰሞንና የጳጉሜን ቀናት ተጫራች አያመጡም። ቤቱን ማየት የሚቻልበት ቀንም በማስታወቂያው እንዲገባ ጠይቁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስህተት ታትሞ ከወጣ «ምንም አይደል» ብላችሁ አትለፉ። ወዲያውኑ አመልክታችሁ ማስተካከያ ይውጣ። የማስታወቂያ ጉድለት በሐራጁ ለተጎዳ ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቂያ ይሆናል። ጋዜጣውን ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ ቤቱ ላይ የተለጠፈውንም ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱት።

ደረጃ 7፦ ተጫራች አምጡ

ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ያወጣል እንጂ ገዥ አይፈልግላችሁም። ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

ተጫራቹ የሚሠራውን ሒሳብ ተረዱ። ገንዘቡን በአጭር ቀን፣ ብዙ ጊዜ በ15 ቀን፣ አጠናቆ መክፈል አለበት። ካርታው ገና በስሙ ስላልዞረ በዚያው ቤት ብድር ማግኘት ይከብደዋል። ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ) ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ስለሚገባ የሊዝ ክፍያም ይጠብቀዋል። ከቤቱ ውስጥ ሰው ካለ የማስወጣት ጣጣ አለ። እያንዳንዷን ከሚያቀርበው ዋጋ ላይ ይቀንሳታል። እናንተ መቀነስ የምትችሉት የመጨረሻዋን ነው፤ ስለዚህ እሷ ላይ ሥሩ።

- ቤቱን የያዘው ወራሽ መቼ እንደሚለቅ በመዝገቡ ላይ ቃል ይስጥ። እምቢ ካለ ከሽያጩ ጋር የማስረከብ ትዕዛዝ እንዲሰጥ አስቀድማችሁ አመልክቱ።
- ተከራይ ካለ ውሉን አሳዩ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለተደነገገ «ተከራዩ ነገ ይወጣል» ብላችሁ ለገዥ አትንገሩ።
- የካርታውን፣ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫውንና የግምቱን ግልባጭ በአንድ ፋይል አዘጋጁ። የጠየቀ ሁሉ ይመልከት።
- ግቢውን አጽዱ። የተሰበረ ዕቃና የዛገ ቆርቆሮ አውጡ። ቤቱን ለማሳየት ከሁሉም ወገን አንድ ሰው ይመደብ፤ ያኮረፈው ወራሽ በሩን ሲዘጋ ተጫራች አይመለስም።
- ጎረቤቶችን ንገሩ። ግቢውን ማስፋት የሚፈልግ ጎረቤት ከማንም በላይ ሊከፍል ይችላል።
- ለደላሎች ማስታወቂያውን ስጡ። ገንዘብ ግን በቅድሚያ አትስጡ፤ «ሐራጁን በእኔ ሰው አስጨርሳለሁ» ከሚል ሰው ጋር ደግሞ ጭራሽ አትቀመጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱ በአፈጻጸም ከተያዘ በኋላ ከማንም ጋር የግል የሽያጭ ውል አትፈርሙ፣ ቀብድም አትቀበሉ። ቤቱን መሸጥ አትችሉም፣ ቀብዱ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ የሐራጁ ቀን

ከግማሽ ሰዓት በፊት ድረሱ። መታወቂያ፣ ውክልና፣ የትዕዛዙን ግልባጭና ጋዜጣውን ያዙ።

1. ተጫራቾች ሲመዘገቡ ሲፒኦው ለትክክለኛው መሥሪያ ቤት ስም መሠራቱን ሐራጅ ባዩ ያያል። መነሻው 6,000,000 ብር ከሆነ ሩቡ 1,500,000 ብር ነው፤ ጎደሎ ሲፒኦ ያለው አይገባም።
2. ሐራጁ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ እንዳይጀመር፣ ሰዓቱ ሳያልቅም እንዳይዘጋ ተከታተሉ። የተጀመረበትንና ያበቃበትን ደቂቃ ጻፉ።
3. ዋጋ ሲጠራ እያንዳንዱን ከተጫራቹ ቁጥር ጋር መዝግቡ። አትጨቃጨቁ፣ አስተያየት አትስጡ። ወራሾች በተጫራቾች ፊት ሲሰዳደቡ ተጫራቹ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ክርክር አለበት።
4. ሲያልቅ በውጤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ የአሸናፊው ስም፣ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፣ ያስያዘው ገንዘብ መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ። የምትቃወሙት ነገር ካለ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት።

ተጫራቾች በር ላይ ተመሳጥረው አንዱ ብቻ ሲጠራ ካያችሁ በሐራጁ ቦታ ጠብ አትፍጠሩ። ያያችሁትን በዚያው ቀን በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡ፤ ምስክር ያዙ። ሽያጭ በጉድለት ወይም በማጭበርበር እንዲፈርስ የሚጠይቅ ሰው ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትንም ጉዳት ማሳየት ይጠበቅበታል። «ዋጋው አላስደሰተኝም» ምክንያት አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

*ተጫራች ካልመጣ።* ለሁለተኛ ሐራጅ ከማመልከታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ቤቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎችን ስልክ ይዛችሁ ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። «ውድ ነው» ካሉ መነሻው እንደገና እንዲታይ አመልክቱ። «ሰው አለበት» ካሉ ደረጃ 7ን ጨርሱ። ያንኑ ማስታወቂያ በአዲስ ቀን ብቻ ማውጣት ያንኑ ውጤት ያመጣል፤ የማስታወቂያውን ወጪ ደግሞ እናንተው ናችሁ የምትሸፍኑት።

*አሸናፊው ካልከፈለ።* ቀኑ ባለፈ ማግስት አመልክቱ። ያስያዘው ገንዘብ እንዳይመለስለት፣ ቤቱ እንደገና እንዲሸጥና በሁለተኛው ሽያጭ ዋጋው ከቀነሰ ልዩነቱን እንዲተካ ጠይቁ። ተጨማሪ ቀን ስጡኝ ካለ ሁላችሁም ሳትስማሙ አንዳችሁ ብቻችሁን «እሺ» አትበሉት።

*ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐራጁን ካገደ።* የእግዱን ትዕዛዝ ግልባጭ ውሰዱ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አንብቡ። ከሐራጁ ቀን በፊት መድረሱንም አረጋግጡ፤ እግድ እያለ የተካሄደ ሐራጅ ለሌላ ክርክር በር ይከፍታል።

*ባንክ ቀድሟችሁ ከሆነ።* በመያዣ የተያዘን ቤት ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ የሐራጁ ሥርዓትም ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 394 እስከ 449 ያለውን መከተል ይኖርበታል፤ ይህን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። በሁለተኛው ሐራጅ ገዥ ከጠፋ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ቤቱን ሊረከብ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በደረሰ ሳምንት ባንኩን አነጋግሩ፦ ከመሃላችሁ አንዱ ዕዳውን ይክፈልና ከሽያጩ ይተካለት፣ ወይም ገዥ ይዛችሁ ቀርባችሁ ባንኩ ባለበት ሽጡ። የሐራጁ ቀን ከገባ በኋላ የሚደረግ ልመና ሰሚ የለውም።

ደረጃ 10፦ ገንዘብ፣ ርክክብ፣ ስም ዝውውር

አሸናፊው ቀሪውን ሲከፍል ገንዘቡ በፍርድ ቤቱ በሞዴል 85 (በገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ሳያጸድቅ ማንም ድርሻ አይወስድም።

ክፍፍሉን ከመጠየቃችሁ በፊት ስሌቱን በወረቀት አውጡ። ለምሳሌ ቤቱ በ8,000,000 ብር ተሸጠ እንበል፤ የባልና ሚስት የጋራ የባንክ ዕዳ 1,200,000፣ የግምትና የማስታወቂያ ወጪ 100,000 ብር ነው። ቀሪው 6,700,000 ብር ይሆናል። የሟች ሚስት ግማሹን 3,350,000 ትወስዳለች። ሦስት ልጆች ካሉ የቀረውን ግማሽ ለሦስት ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 1,116,666 ብር ከሳንቲም ይደርሳል። ወጪውን ከኪሱ የከፈለ ወራሽ ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር ካላያያዘ ተመላሽ አይታሰብለትም።

ግብርን በሚመለከት፦ የቴምብርና የአሹራ (የስም ማዛወሪያ) ክፍያው ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው ለገዥ ይሰጣል፤ የካፒታል ዕድገት ግብር ግን የሻጭ ጉዳይ ነው። ቤቱ ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ ያገለገለ ከሆነ ከግብሩ ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ ስላለ፣ ይህን የሚያሳይ የወረዳ ማስረጃ ይዛችሁ ገቢዎች ቅርንጫፍ ጠይቁ። ይህን ሳትጨርሱ ገንዘቡን ተካፍላችሁ ከተበተናችሁ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለ ማረጋገጫ) ሲጠየቅ የሚሮጥ ሰው ይጠፋል፤ ገዥውም ስሙ ስላልዞረለት መዝገቡን እንደገና ያስከፍታል። ስለዚህ ግብሩ እስኪጠራ የተወሰነ ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲቆይ ብትስማሙ ይበጃል።

ርክክቡን በዚህ ቅደም ተከተል ጨርሱ፦

1. ቤቱ ባዶ ይሁን። የሟች ዕቃ፣ ፎቶና ሰነድ ከሐራጁ በፊት ተካፍሎ ይውጣ፤ በርክክብ ቀን የሚነሳ የቁም ሳጥን ጠብ ቀኑን ያስቀይራል።
2. የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ከገዥው ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፤ እስከዚያ ቀን ያለውን ዕዳ ክፈሉ።
3. ቁልፉን በጽሑፍ አስረክቡ፤ ስንት ቁልፍ እንደሆነም ይጻፍ።
4. እግዱ እንዲነሳና ስም እንዲዛወር ፍርድ ቤቱ ለይዞታ አስተዳደሩ የሚጽፈውን ደብዳቤ ግልባጭ ውሰዱ።
5. መዝገቡ መዘጋቱን የሚያሳየውን ትዕዛዝ እያንዳንዱ ወራሽ በማኅተም ያውጣ፤ ውጭ አገር ላለው በወኪሉ በኩል ይላክ።